የልጅ ደም ከሌማት ላይ ሲታከም፦ ስለ ሴሊያክ በሽታና ከግሉተን ነጻ ምግብ

 

ፊቱ የገረጣ ልጅ አቅፈው ወደ መስጊድ የሚመጡ እናቶች ጥቂት አይደሉም። ኢማማችንን የምናግዘው ልጆች ከዐስር ሰላት በኋላ በረንዳው ላይ ስለምንቀመጥ መጀመሪያ የሚያገኙት እኛን ነው። «ይደክማታል፣ ምግብ አትወድም፣ እድገቷ ቆሟል፤ ምናልባት የሰው ዐይን ይሆናል፣ ቅሩልን» ይላሉ። ይቀራል፣ ዱዓም ይደረጋል። ሸኻችን ግን ከዱዓው ቀጥለው የሚጠይቁት ነገር አለ፦ «ደሟን ታይታለች?» ይላሉ። አላህን መለመንና ሰበብ ማድረስ አብረው የሚሄዱ ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ዛሬ ልናወራችሁ የፈለግነው ስለ አንድ ዓይነት ደም ማነስ ነው። ልጁ የአይረን ሽሮፕ ሲሰጠው ትንሽ ቀና ይላል፤ ጠርሙሱ ሲያልቅ ተመልሶ ይወርዳል። እንደገና ይታዘዛል፣ እንደገና ይወርዳል። ቤተሰቡ ገንዘቡን ይጨርሳል፣ ተስፋውም ይሟጠጣል። ከእንዲህ ዓይነቱ ደም ማነስ ጀርባ አንዳንዴ ሴሊያክ የሚባል በሽታ ይኖራል። የዚህ በሽታ ሕክምና ደግሞ ከፋርማሲ ሳይሆን ከማድ ቤት ነው የሚጀምረው።

ከመቀጠላችን በፊት አንድ ነገር እንያዝ። የገረጣ ልጅ ሁሉ ሴሊያክ አለበት ማለት አይደለም። በአገራችን የአብዛኛው ልጅ ደም የሚያንሰው በሌላ ምክንያት ነው፤ በምግብ እጥረት፣ በአንጀት ትል፣ በወባ፣ በተደጋጋሚ ተቅማጥ። ይህን ጽሑፍ አንብቦ ከነገ ጀምሮ ለልጁ ዳቦ የሚከለክል ሰው እንዳይኖር አደራ እንላለን። ለምን አደራ እንዳልን ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

ሴሊያክ ምንድን ነው?

ግሉተን በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው የፈረንጅ እህል ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። የስንዴ ሊጥ ሲለጠጥ ሳይበጣጠስ አብሮ የሚሳበው በዚህ ምክንያት ነው። ለአብዛኛው ሰው ምንም ጉዳት የለውም። ሴሊያክ ያለበት ሰው ግን ግሉተን ሲበላ የሰውነቱ መከላከያ ተሳስቶ በገዛ አንጀቱ ላይ ይዘምታል።

የትንሹ አንጀት የውስጥ ግድግዳ ልሙጥ አይደለም። በዐይን በማይለዩ ደቃቅ ጣቶች የተሸፈነ ነው። ከምግብ ውስጥ ጠቃሚውን ይዘው ወደ ደም የሚያስገቡት እነዚህ ጣቶች ናቸው። ግሉተን በበላ ቁጥር ጣቶቹ ይቆስላሉ፣ ያጥራሉ፣ በመጨረሻም ግድግዳው ልሙጥ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ልጁ ቢበላም የበላው አይገባለትም።

በሽታው አይተላለፍም፣ የንጽሕና ጉድለትም አያመጣውም። በዘር ከሚወረስ ዝንባሌ ጋር የተያያዘ ነው። በዓለም ላይ ከ100 ሰው 1 ገደማ አለበት ተብሎ ይገመታል። ወንድም፣ እህት፣ እናት ወይም አባት ካለበት ደግሞ ዕድሉ ወደ ከ10 ሰው 1 ይጠጋል። ለዚህ ነው አንድ ልጅ ሲገኝበት ሐኪሞች የቤቱን ልጆች ሁሉ እንመርምር የሚሉት።

ብዙ ሰው ሴሊያክ ማለት የሆድ መነፋትና ተቅማጥ ብቻ ይመስለዋል። ሆዱን ምንም የማያመው፣ በደንብ የሚጸዳዳ፣ ግን ደሙ የሚያንስና ቁመቱ የማይጨምር ልጅም አለ። አንዳንዴ በሽታው የሚታወቅበት ብቸኛ ምልክት ደም ማነስ ነው።

አንጀት ሲቆስል ደም ለምን ያንሳል?

ቀይ የደም ሕዋስ የሚሠራው በአጥንት ውስጥ ባለው መቅኔ ነው። ለሥራው ብረት፣ ፎሊክ አሲድና ቫይታሚን ቢ12 ይፈልጋል። ብረት በዋናነት ወደ ሰውነት የሚገባው በትንሹ አንጀት የመጀመሪያ ክፍል፣ ከጨጓራ ቀጥሎ ባለው አጭር ስፍራ ነው። ሴሊያክ አብዝቶ የሚያጠቃው ይህንኑ ክፍል ነው። ፎሊክ አሲድም ከዚሁ አካባቢ ነው የሚገባው። ቢ12 የሚገባው ከታች፣ ከአንጀቱ ጫፍ ላይ ስለሆነ ጉድለቱ ያነሰ ነው፤ ቢሆንም ይከሰታል።

እዚህ ላይ ሐኪሞችን እንኳ የሚያሳስት ነገር አለ። ብረት ሲጎድል የደም ሕዋሳት ያንሳሉ፤ ፎሊክ አሲድ ሲጎድል ደግሞ ይተልቃሉ። ሁለቱም በአንድ ልጅ ላይ ሲገናኙ አማካይ መጠናቸው ልክ መስሎ ይታያል። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ጤነኛ ይመስላል፣ ልጁ ግን ሁለት ነገር ጎድሎበታል።

የደም ጣጣው በዚህ አያበቃም። ከቁስለቱ የተነሳ ሰውነት ያለውን ብረት ቆልፎ ሊያስቀምጥ ይችላል። ቫይታሚን ኬ በደንብ ካልገባ ደም ቶሎ አይረጋም። ፕላትሌት የሚባሉት የደም ማርጊያ ሕዋሳት ከልክ በላይ የሚበዙባቸው ልጆች አሉ። በአንዳንድ ታማሚዎች፣ በተለይ ሳይታወቅባቸው ብዙ ዓመት በቆዩት፣ ያረጀ ደም የሚያጣራው ጣፊያ ይደክማል። ይህ ሁሉ የሚመነጨው ከአንድ ቦታ ነው፤ ከቆሰለው አንጀት።

ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነት ልጅ ስንዴ እያበሉ የአይረን ሽሮፕ መስጠት በተዘጋ በር ላይ እንግዳ እንደ መላክ ነው። እንግዳው መጥቷል፣ የሚከፍትለት የለም።

«መደል ሐያት»

ይህን ጉዳይ ቀርበን ያየነው በሰፈራችን፣ እዚሁ ደሴ ባለች አንዲት ልጅ ምክንያት ነው። ወላጆቿ ለሥራ ሳዑዲ ነበሩ፤ ልጅቷም ጅዳ ነው የተወለደችው። በ5 ዓመቷ ሆዷ ተነፋ፣ እጅና እግሯ ቀጠነ፣ ደሟ ሲለካ ሄሞግሎቢኗ 8.4 ሆነ። በዚያ ዕድሜ ላለ ልጅ ከ11.5 በታች ከሆነ ደም ማነስ ይባላል። እዚያ ሕመሙ ብዙ የሚታወቅ ስለሆነ ሐኪሞቹ ፈጥነው ደረሱበት። ስንዴና ገብስ ተከለከለች፤ በ8 ወር ውስጥ ሄሞግሎቢኗ 11.9 ደረሰ። ጉንጯ ሞላ፣ መሮጥ ጀመረች።

ከዚያ ቤተሰቡ ጠቅልሎ አገሩ ገባ። ልጅቷ አምሮባታል፣ ስለዚህ ሁሉም ድናለች አለ። ዘመድ አዝማዱ ደግሞ «የዐረብ አገር ስንዴ ነው ያመማት እንጂ የአገሯ እህል ምን ያደርጋታል» አለ። አያቷ ድፎ ዳቦ ደፉላት፣ በሶ በጠበጡላት። በፍቅር ነው። በ5 ወሩ ሄሞግሎቢኗ 9.1 ወረደ። ወደ አንድ ጤና ተቋም ወሰዷት፤ የቀድሞ ሕመሟን የጠየቀ አልነበረም፣ አይረን ታዘዘላት። 9.6 ገባ። ሽሮፑ ሲያልቅ 9.2። ደገሙላት፣ ያው ነው።

አባቷ ከጅዳ ያመጣውን የዐረብኛ ወረቀት በፌስታል ይዞ የመጣልን ያን ጊዜ ነው። እኛ የመድረሳ ልጆች የሐኪም ዐረብኛ አልተማርንም፤ ቃሉን ግን እናነባለን። ወረቀቱ ላይ «ሐሳሲየቱል ቀምሕ» የሚል አለ። ቀምሕ ስንዴ ነው፤ ዐረቦቹ ሴሊያክን በተለምዶ የሚጠሩት እንዲህ ነው። ወደ ታች ስንወርድ የምግብ ክልከላው ተዘርዝሯል። ከዝርዝሩ ሥር ሁለት ቃላት ተጽፈዋል፦ «መደል ሐያት»። ዕድሜዋን ሙሉ ማለት ነው።

አባትየው ዝም አለ። ከዚያ «እኛ እኮ እንደ ሽሮፕ የሚያልቅ መድኃኒት መስሎን ነበር» አለን። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከግሉተን ነጻ ምግብ ልጅን ያሽላል እንጂ ዝንባሌውን ከሥሩ አይነቅለውም። ልጅቷ ዳነች የተባለችው ስንዴ ስላልበላች ነበር፤ ስለዳነች ስንዴ ትብላ ሲባል መዳኗ ራሱ ፈረሰ። ወረቀቱን በአማርኛ ጽፈን ሰጠነው፣ ሁለቱንም ይዞ ወደ ሕፃናት ሐኪም ሄደ፤ ሐኪሟም ወዲያው ገባት።

የከበደው አያትየውን ማስረዳት ነበር። «ኧረ ልጆቼ፣ እህል ደግሞ ጠላት ሆኖ ያውቃል? ቁራሽ ብትቀምስ ምን ትሆናለች?» አሉን። ሸኻችን አብረውን ነበሩ። የአያትየውን መስገጃ አነሡና ጉልበትና ግንባር የሚያርፉበትን ቦታ አሳዩአቸው። ፀጉሩ አልቆ ክሩ ወጥቷል። «እናታችን፣ የልጅቱ አንጀት እንዲህ ሆኗል። ውሃ ቢያፈሱበት ይንሸራተታል እንጂ አይዝም። ስጋጃ ያለቀ ፀጉሩን መልሶ አያበቅልም፤ የልጅ አንጀት ግን፣ አላህ ካለ፣ ስንዴው ከቀረ መልሶ ያበቅላል። በየቁራሹ ከነካነው ግን አይበቅልም» አሏቸው። አያትየው መስገጃውን በእጃቸው እየዳበሱ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ቤት ከሳቸው የበለጠ ጠባቂ የለም።

ምግቡ ሲስተካከል ደሙ እንዴት ይመለሳል?

ወላጆች ይህን ቢያውቁ ትዕግሥት ያገኛሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚመለሰው የምግብ ፍላጎትና የልጁ ስሜት ነው። ነጭናጫው ልጅ ይስቃል። ደሙ ግን ይዘገያል፣ ምክንያቱም አንጀቱ መጠገን አለበት፣ መቅኔውም ብረት አግኝቶ አዲስ ሕዋስ መሥራት አለበት። አንድ ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ገደማ ስለሚኖር ደም በአንድ ሳምንት አይቀየርም። ሄሞግሎቢን በወራት ውስጥ ከፍ ይላል። ከሁሉ የሚዘገየው ፈሪቲን በሚባለው ምርመራ የሚለካው የብረት ክምችት ነው፤ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል።

በ2001 የታተመ አንድ የጣሊያን ጥናት ይህን ቁልጭ አድርጎ አሳይቷል። ሴሊያክና የብረት እጥረት ደም ማነስ ያለባቸው አዋቂዎች ያለ አይረን መድኃኒት፣ ከግሉተን ነጻ ምግብ ብቻ እየበሉ ተከታተሏቸው። በ6 ወር ከ4 ሰው 3ቱ ከደም ማነሱ ወጡ፤ በ12 ወር ከ10 ሰው 9 በላይ። የብረት ክምችታቸው የሞላው ግን በዓመቱም ግማሾቹ ብቻ ነበሩ። ጥናቱ በአዋቂዎች ላይ ቢሆንም ትምህርቱ ለሁሉም ነው፦ ምግቡ ብቻውን ደምን ያነሣል፤ ጎተራው እስኪሞላ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ልጅ ደግሞ እያደገ ስለሆነ ብረት አብዝቶ ይፈልጋል። ስለዚህ ሐኪሞች ደሙ በጣም ላነሰበት ልጅ ምግቡን አስተካክለው አይረንም ይጨምሩለታል። አሁን በሩ ስለተከፈተ ሽሮፑ ይገባል።

የእኛዋ ልጅ በ3 ወር 10.7፣ በ9 ወር 12.1 ደረሰች። ፈሪቲኗ ግን በ9ኛውም ወር ገና ዝቅተኛ ነበር፤ ሐኪሟ አይረኑን ያላቋረጠችው ለዚህ ነው። ዓመት ተኩል ሲሆናት ሞላ። አልሐምዱሊላህ።

ይህ እውቀት ከየት መጣ?

ከረሃብ ነው የመጣው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዊለም ዲከ የሚባል የኔዘርላንድ የሕፃናት ሐኪም በሄግ ከተማ ይሠራ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትም ስንዴ ነው እነዚህን ልጆች የሚጎዳው የሚል ጥርጣሬ ነበረው። ከ1944 እስከ 1945 ባለው ክረምት ጀርመኖች በያዟት ኔዘርላንድ ምግብ ጠፋ። ሰው የአበባ ሥር ቀቅሎ በላ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሞተ። በዚያ መከራ ውስጥ ዲከ የሚያክማቸው የሴሊያክ ልጆች ዳቦ ሲጠፋ ተሻላቸው። የእርዳታ ዳቦ ሲመለስ ታመሙ። በ1950 ይህን ጽፎ አቀረበ። ከዚያ በፊት ከእነዚህ ልጆች የሚሞቱት ብዙ ነበሩ።

ሁለተኛው ታሪክ ለእኛ ይቀርባል። ምዕራብ ሰሃራን ለቀው በአልጄሪያ ቲንዱፍ አካባቢ በመጠለያ የሚኖሩ የሰሃራዊ ሙስሊሞች አሉ። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እዚያው ናቸው። በ1999 በወጣ ጥናት ከልጆቻቸው 5.6 በመቶው ሴሊያክ ተገኘባቸው። በዓለም ከታየው ሁሉ እጅግ ከፍተኛው ነው። የአባቶቻቸው ምግብ የግመል ወተት፣ ሥጋና ቴምር ነበር። በስደት ዘመናቸው ዋና ምግባቸው የእርዳታ ዱቄት ሆነ። በዘር ያለው ዝንባሌ በየቀኑ ከሚበላ ስንዴ ጋር ተገናኘ። ዱቄቱን የሰጠ ሰው መልካም አድርጓል፤ ረሃብን አስታግሷል። ግን ከተቀባዮቹ ልጆች መካከል ያ ዱቄት ደማቸውን የሚያደርቅባቸው ነበሩ። እኛም ሰደቃ ስንሰጥ ተቀባዩ ምን መብላት እንደሚችል መጠየቅ የሰደቃው አካል ነው።

የእኛ ማድ ቤት

እዚህ ላይ አላህ ለአገራችን የሰጠው ጸጋ አለ። ጤፍ ግሉተን የለውም። በ2005 በኔዘርላንድ ተመራማሪዎች 14 የጤፍ ዓይነቶችን መርምረው ለሴሊያክ ታማሚ የሚጎዳውን ነገር አላገኙባቸውም። ማሽላ፣ በቆሎ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ቆጮና ቡላ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላም እንዲሁ ነጻ ናቸው። አውሮፓ ውስጥ አንድ የሴሊያክ ታማሚ በውድ የሚገዛውን ነገር እኛ በሌማታችን ላይ አለን።

ችግሩ መቀላቀሉ ነው። ጤፍ ሲወደድ ከተማ ውስጥ የሚሸጠው እንጀራ ስንዴ ወይም ገብስ ሊገባበት ይችላል። ከላይ አይታወቅም። ለዚህች ልጅ ቤት የሚጋገረው ብቻ ነው የሚታመነው። ቤትም ውስጥ ቢሆን ሦስት ቦታ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አንደኛ ወፍጮ ቤት፦ ከፊት ስንዴ ተፈጭቶ ከነበረ ድንጋዩ ላይ የቀረው ዱቄት ከጤፉ ጋር ይወርዳል። አያትየው አሁን ከባለ ወፍጮው ጋር ተስማምተዋል፤ መጀመሪያ የሚወርደውን ጥቂት ጤፍ ለሌላው ቤተሰብ ለይተው የቀረውን ለልጅቷ ይወስዳሉ። የሚቻለው ሰው ቤት ውስጥ ለብቻ ቢፈጭ ይሻላል። ሁለተኛ እርሾ፦ ከተቀላቀለ ሊጥ የተረፈ እርሾ ግሉተን ይዞ ይሻገራል። ሦስተኛ ምጣዱና ሰፌዱ፦ አምባሻ የተጋገረበት ምጣድ በደንብ ሳይጸዳ እንጀራዋ አይጋገርም።

በረመዷን ደግሞ ፈተናው ይበዛል። የሳምቡሳው ቂጣ ስንዴ ነው። ሾርባው ውስጥ ገብስ፣ የስንዴ ክክ ወይም አጃ ይገባል። አጃ በራሱ ብዙዎቹን ታማሚዎች አይጎዳም፤ ገበያ ላይ ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከስንዴና ገብስ ጋር የተነካካ ነው። ፓስታ፣ ማካሮኒ፣ ብስኩት፣ ቂንጬ፣ የገብስ ቆሎ፣ በሶ፣ ሁሉም ክልክል ነው። ቴምሩ፣ የሩዝ ወይም የምስር ሾርባው፣ ድንቹ፣ እንቁላሉ፣ ፍራፍሬው ግን ይፈቀዳል። አስቦ ያዘጋጀ ሰው ልጅቷን ከአፍጥሩ ማድ አያስነሣትም።

«ትንሽ ምን አለው?» ለሚሉ ደግሞ መልሱ ተለክቷል። በቀን 50 ሚሊግራም ግሉተን ለወራት መውሰድ አንጀትን እንደሚጎዳ ታውቋል። ይህ ከአንድ ቀጭን ቁራጭ ዳቦ ላይ የሚረግፍ ፍርፋሪ ያህል ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ ከግሉተን ነጻ ተብሎ የሚሸጥ ምግብ በአንድ ኪሎው ከ20 ሚሊግራም በላይ ግሉተን እንዳይኖረው የተወሰነው ለዚህ ነው። ልጅ ቁራሽ ዳቦ በልቶ ያን ቀን ምንም ላይሆን ይችላል። አንጀቱ ግን መዝግቦታል፤ ሂሳቡ ከወራት በኋላ በደም ምርመራ ይመጣል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ስንዴ መከልከል ብቻውን ደም አይሞላም። በብዙ አገሮች የስንዴ ዱቄት ብረትና ፎሊክ አሲድ ይጨመርበታል፤ ከግሉተን ነጻ የሆኑት የፋብሪካ ዱቄቶች ግን ብዙውን ጊዜ አይጨመርባቸውም። ስንዴ ቀርቶ ነጭ ሩዝና በቆሎ ብቻ የሚበላ ልጅ አንጀቱ ድኖ ደሙ ላይሞላ ይችላል። ስለዚህ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ እንቁላል፣ ሲገኝም ሥጋና ጉበት ይጨመር። የዒደል አድሓ ጉበት ለእንዲህ ያለ ልጅ ይቆይለት። ጤፍም ብረት አለው፤ ሊጡ በደንብ መቡካቱ ብረቱን የሚይዘውን ነገር ስለሚቀንስ ሰውነት እንዲያገኘው ይረዳል። ከምግቡ ጋር ሎሚ፣ ቲማቲም ወይም ብርቱካን ቢኖር ብረቱ የበለጠ ይገባል። ሻይ ደግሞ በተቃራኒው ብረትን ያስቀራል። ልጅ ምሳውን በሻይ እንዳያወራርድ፤ ካስፈለገ ምግቡ ካለፈ በኋላ ይሁን።

ለወጣቶች የምንለው

ይህ የእናት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ልጅ የሚፈተነው ከቤት ውጭ ነው። በመድረሳችን ልጆች በእረፍት ሰዓት ዳቦ በሻይ ይካፈላሉ። አንዲት ልጅ ብቻዋን ዳር ተቀምጣ የራሷን ምሳ ዕቃ ስትከፍት ሌሎቹ ያፈጡባታል፤ ልጅ ደግሞ ከሕመም ይልቅ ከጓደኛ መለየት ይከፋዋል። ስለዚህ የምግቡን ዓይነት ለሁሉም ቀየርነው። ቴምር፣ ሙዝ፣ የሽምብራ ቆሎና ኦቾሎኒ ይመጣል፣ ሁሉም ከአንድ ሳህን ይበላል። ዋጋው ከዳቦው ብዙም አልራቀም። ለእሷ ተብሎ መሆኑን አብዛኞቹ ልጆች አያውቁም፣ እንዲያውቁም አላስፈለገም።

እናንተ ታላቅ ወንድሞችና እህቶች ናችሁ። ስልክ ትይዛላችሁ፣ የታሸገ ዕቃ ላይ የተጻፈውን ታነባላችሁ፣ ወላጆቻችሁን ሐኪም ቤት ትወስዳላችሁ። ከውጭ የተመለሰ ዘመድ የሕክምና ወረቀት ካለው በዐረብኛም ይሁን በእንግሊዝኛ አንብቡለት፤ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ወረቀት ልጅ አያድንም። የአይረን ሽሮፕ ደጋግሞ ተሰጥቶት ያልበረከተለት፣ ቁመቱ የቆመ፣ ወይም የስኳር በሽታ በልጅነቱ የያዘው ታናሽ ካላችሁ ሐኪሙን «ሴሊያክ ሊሆን ይችላል ወይ?» ብላችሁ በአክብሮት ጠይቁ። የመጀመሪያው ምርመራ የደም ነው፤ ሰውነት በራሱ አንጀት ላይ የሚያመርተውን ፀረ አካል ይለካል። እንደ ውጤቱ ደግሞ በቀጭን መሣሪያ ከአንጀት ናሙና ሊወሰድ ይችላል።

አሁን ወደ አደራችን እንመለስ። ከምርመራው በፊት ስንዴ አታቋርጡ። ልጁ ግሉተን መብላት ሲያቆም ፀረ አካሉ ከደም ውስጥ እየጠፋ፣ አንጀቱም እየዳነ ስለሚሄድ ምርመራው በሽታ የለም ሊል ይችላል። ያኔ እውነቱን ለማወቅ ልጁን እንደገና ስንዴ አብልቶ ማሳመም ይመጣል። መጀመሪያ ምርመራ፣ ቀጥሎ ክልከላ። ክልከላው ከጀመረ በኋላ ደግሞ ሄሞግሎቢኑ፣ ፈሪቲኑና ፀረ አካሉ ሐኪሙ በሚለው ጊዜ ይታይ። ፀረ አካሉ አልወርድ ካለ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ስንዴ እየገባ ነው ማለት ነው፤ በቁጣ ሳይሆን በፍለጋ ይገኛል።

ልጆች በእጃችን ያሉ አማና ናቸው። ለአንዳንዱ ልጅ አማናውን መጠበቅ ትልቅ ገንዘብ ወይም ትልቅ እውቀት አይጠይቅም። ዛሬም ነገም ከነገ ወዲያም አንዲት ቁራሽ ዳቦ አለመስጠት፣ በምትኩም ንጹሕ እንጀራ ማቅረብ ይበቃዋል። የሚከብደው ዕድሜ ልክ መሆኑ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ቤተሰብ፣ ጎረቤትና ጀማዓ ያስፈልጋል።

አላህ የታመሙ ልጆቻችንን ያሽርልን፣ ወላጆቻቸውን ሶብር ይስጥልን። ጽሑፉ ይጠቅመዋል ለምትሉት ሰው አድርሱት። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካትሁ።